ሰው ከሌለ ውሃ ይለፍ

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልቲሜትሩ፣ የከረንት መለኪያው፣ ባዶው ሐዲድ ላይ ዜሮ ሲያሳየኝ ነገሩ ገብቶኝ ነበር ወይስ አልገባኝም?

ዜሮውን ማየቴን አልክድም። ቁጥሩ በትልቁ የሚታይ ነበር፤ ፀሐይዋም ከኋላዬ ስለነበረች መስታወቱ አላንጸባረቀም። ዓይን ያየው ሁሉ ግን ልብ ይደርሳል ማለት አይደለም። ስለዚህ እንደሆነው ልናገር።

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት፣ ከተማው ሲያልቅ፣ የባቡር ሥራ ካምፕ የነበረ ግቢ አለ። ሥራው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። በሮቹ፣ ጄነሬተሩ፣ የመስኮቱ ፍሬሞች በየተራ ሄደዋል። የቀረው አንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ለማሳያ ተብሎ የተነጠፈ ሰማንያ ሜትር ሐዲድ፣ በእጅ የሚገፋ ባለ አራት ጎማ ጋሪ፣ እና ከነሣጥናቸው የተጋደሙ ሁለት የሲግናል ምሰሶዎች ናቸው። ባቡር እዚህ አልፎ አያውቅም።

ቦታው ቤተ መዘክር ይሁን ያሉት ትርንጎ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የከተማው ግማሽ «ቲቸር» ብሎ የሚጠራቸው ሴት። እኔንም አስተምረውኛል። ማዘጋጃ ቤት ሄደው የአዳራሹን ቁልፍ ሲጠይቁ አንዱ ሹም ሳቀባቸው አሉ።

«ባቡሩ ሳይመጣ ቤተ መዘክር?»

«ቤተ መዘክር የሌለ ነገር የሚታይበት ቤት አይደል?» አሉት። «የእኛም ባቡር የለም። ምን ጎደለው?»

ቁልፉን ሰጧቸው። ከቁልፉ በስተቀር ሌላ ነገር አልሰጧቸውም። በጎ ፈቃደኛ የሆንነው አሥራ አንድ ነበርን፤ አብዛኞቹ የትርንጎ የድሮ ተማሪዎች። ሥራችን ምሰሶዎቹን አቁመን ሽቦውን መዘርጋት፣ ጋሪው ሐዲዱ ላይ ሲወጣ መብራቱ ቀይ፣ ሲወርድ አረንጓዴ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ተማሪዎች መጥተው ባቡር በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚሄድ እንዲያዩ።

እኔ የባቡር ሲግናል የተማርኩት ቻይና ነው። መንግሥት ልኮኝ አምስት ዓመት ተቀመጥኩ። ስመለስ የምመደብበት መስመር ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ ሌላ አገር ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ ያዝኩ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ቆቦ መጣሁ። ለእናቴ «ላግዝሽ ነው» አልኳት፤ ለትርንጎ «አገሬን ልሥራላት» አልኳቸው። በስልኬ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ያልተመለሱ የሥራ ማመልከቻዎች አሉ፤ ሁሉም ባሕር ማዶ።

ሥራውን በእጁ የሠራው ግን ሙህዲን ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት። የውሃ ፓምፕ፣ የጉድጓድ ሞተር፣ የቤት መብራት፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ የቆመ ነገር ያለው ሰው የሚደውለው ለእሱ ነው። ካምፑ በሥራ ላይ ሳለ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሁለት ዓመት የኬብል ጥቅል በትከሻው አመላልሷል። የሲግናሉን ሣጥን ውስጡን ግን አንድም ቀን አላሳዩትም።

«ሲከፍቱት ዙሩ ይሉናል» አለኝ አንድ ቀን፣ ሳያማርር። «ሚስታቸው የምትለብስ ይመስል።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘ ቁጥር ስለ ባቡር የተጻፈ ነገር ኮፒ አስደርጎ እንዲያመጣለት ይለምናል። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታ ያነባል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከታተመው ይልቅ የእሱ እርሳስ ይበዛል።

ዘንድሮ ዕድሉ መጣ። ባቡር በሚሠራበት መስመር ላይ የሲግናል ጥገና ሠራተኞች ሊቀጥሩ ሆነ። ዲፕሎማ የሌለውም ቢሆን ሠርቶ ካሳየ ይመዘገባል። አርባ ዓመት የሞላውን ግን አይቀበሉም። ሙህዲን ግንቦት ላይ አርባ ይሞላዋል፤ ምዝገባው የሚዘጋው መጋቢት ሠላሳ ነው። ሠራተኞቹን የምትመርጠው ኤልሳቤጥ ናት፤ ቻይና አብረን ተምረን ነበር፣ ያውም አንድ ክፍል። ደውዬ ስለ ሙህዲን ነገርኳት።

«ወረቀት አልፈልግም» አለች። «የሠራውን ልየው። ቤተ መዘክራችሁን መቼ ነው የምትከፍቱት?»

«መጋቢት አጋማሽ፣ ቅዳሜ።»

«መንገዱ ክፍት ከሆነ እመጣለሁ።»

ለሙህዲን ስነግረው ፒንሳውን አስቀመጠ። «ወላሂ በል።»

«እውነቴን ነው።»

«አንተ ክርስቲያን ነህ፤ ወላሂ ብትልም አይቆጠርብህም፤ በል።»

«ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ ሱቁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየዘጋ ካምፕ መዋል ጀመረ።

የመጀመሪያው ቀን ሥዕሉን በአዳራሹ ወለል ላይ በጠመኔ ሣልኩላቸው። ነገሩ ከባድ አይደለም። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ ከባትሪ የሚመጣ ትንሽ ከረንት ሁልጊዜ ይዞራል። ከረንቱ እስካለ ድረስ ሪሌ የምትባለው ማብሪያ ተስባ ትቆያለች፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ባቡር ሲወጣ ጎማው ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛል፤ ከረንቱ በጎማው አቋርጦ ይመለሳል፤ ሪሌዋ ትለቃለች፤ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ሽቦ ቢበጠስም፣ አንድ ሐዲድ በሌባ ቢወሰድም ከረንቱ ይቋረጣል፤ መብራቱ ቀይ ነው።

«ከተጠራጠርክ ቀይ» አልኳቸው። «የሙያው ሕግ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።»

ሸህ አብዱሰመድ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ሸህ አብዱሰመድ የውሃ ዳኛ ናቸው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ለየማሳው የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ማን በፊት ያጠጣል፣ ማን ይጠብቃል፣ የእሳቸው ቃል ነው። ለኬብሉ የሚሆን ቦይ እንዲቆፍሩልን ሰዎቻቸውን በደቦ ይዘው መጥተው ነበር። እኔ ለሦስት ቀን የያዝኩትን ሥራ እስከ ምሳ ጨረሱት። ሄጄ ሳየው ቦዩ ከላይ ወደ ታች አምሮ የተዳፋ ነው፤ ጎርፍ ቢለቁበት ማሽላ ያጠጣል።

«ሸህ፣ ኬብል እኮ አይፈስም። ደልዳላ መሆን ነበረበት።»

«እጃቸው ሌላ አያውቅም» አሉ። «አንተም አስተካክሉ ብትላቸው ወደ ታች ነው የሚያስተካክሉት።»

ስለ ቀዩ መብራት ስናገር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የናንተ ሕግ ለደረቅ አገር ነው። እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ የላይኛው ቦይ አፍ ላይ ባለቤቱ ካልተገኘ፣ ሞቶ ይሁን ተኝቶ አንጠይቅም። ሰው ከሌለ ውሃ ይለፍ፤ ለታችኛው። እስኪጣራ ብለህ ካቆምከው እርከኑን ይጥስና የሁሉንም ማሽላ ይወስዳል። የተጠራጠረ ያሳልፍ።»

«ባቡር ግን ውሃ አይደለም ሸህ።»

«አላየነውማ፤ በምን እናውቃለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ሌላ ነገር አለፍኩ። ሙህዲን አልሳቀም። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ሥራው ከዚያ በኋላ በራሱ መንገድ ሄደ። እኔ ሽቦዎቹን በቁጥር ነው የማውቃቸው። ሙህዲን በቦይ ስም ጠራቸው። ከባትሪው የሚነሳው «እናት»፣ ወደ ሐዲዱ የሚወርዱት «የላይ ልጅ» እና «የታች ልጅ»። እንዳይምታቱ ጫፋቸው ላይ በናስትሮ ፈንታ ባለቀለም ክር ቋጠረ፤ ለእናት ሦስት ቋጠሮ፣ ለልጆች አንዳንድ። ሣጥኑን ስትከፍተው የሚያምር ነገር ነበር። አንድ ሽቦ ከሌላው ላይ አልተደረበም።

አንድ ቀን ባትሪውን እያየ ጠየቀኝ። ከካምፑ ሶላር ከቀሩት አራት ባትሪዎች የሚሠራው አንድ ብቻ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ይኼ ከረንት ባቡር ሳይኖርም ይዞራል?»

«አዎ።»

«ሌት ተቀን?»

«ሌት ተቀን።»

«ለማን?»

«ለማንም። ሽቦው ደህና መሆኑን እንድናውቅ።»

«ባዶ ሜዳ ማጠጣት ነው በለኛ።» ባትሪውን መታ መታ አደረገው። «ሽማግሌው ሳምንት አይቆይልንም።»

«ሌላ እንፈልጋለን» አልኩት። አልፈለግሁም። በዚያው ሳምንት ወልድያ ሄድኩ። ቆቦ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ነው፤ ባሕር ማዶ ላመለከትኩት ሥራ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። በአንድ ቀን ያልቃል ያልኩት አራት ቀን ፈጀ። ስለ እኔ እንዲመሰክርልኝ የምፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የኤልሳቤጥን ስም ሰጠሁ።

ረቡዕ ማታ ተመለስኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካምፕ ስደርስ ሥራው አልቋል። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ መብራቶቹ ይሠራሉ። ትርንጎ ዳቦ ይዘው መጥተው እያደሉ ነው።

የፍተሻውን ወረቀት ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ ዘጠኝ ነጥቦች፣ ከጎናቸው ምልክት ማድረጊያ ሣጥን፣ ከታች የፈታሽ ፊርማ። ሙህዲን ወረቀቱን በካርቶን ላይ አድርጎ ያዘልኝ፤ አንድ በአንድ ወረድን። ጋሪው ወጣ፤ ቀይ። ጋሪው ወረደ፤ አረንጓዴ። የሸህ አብዱሰመድ ሰዎች ያፏጫሉ። «ድገመው! ድገመው!» ይላሉ። ደገምነው።

አራተኛው ነጥብ ባዶ ሐዲድ ላይ ያለውን ከረንት መለካት ነው። መልቲሜትሩን አስቀመጥኩ። ዜሮ። እኔ በሣልኩት ሥዕል መሠረት ባዶ ሐዲድ ላይ ዜሮ ሊኖር አይችልም፤ እዚያ ከረንት መዞር አለበት። በዚያው ቅጽበት ስልኬ በኪሴ ነዘረኝ። አውጥቼ አነበብኩ። ለሥራው ሁለተኛ ተጠባባቂ ሆኛለሁ፤ የምስክሬን ቃል እየጠበቁ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀና ስል ሙህዲን እስክሪብቶውን ዘርግቶልኛል።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

አራተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። የቀሩትንም። ዘጠነኛው «ሽቦ ነቅሎ ማየት» ይላል። ሽቦ አልነቀልንም። ምልክቱን አድርጌ ከታች ፈረምኩ።

ሙህዲን ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «አንተ ካየኸው እኔ እተኛለሁ።»

ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነበር። ኤልሳቤጥ ከኮምቦልቻ በመኪና መጥታ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው። ከተማሪ ቤት ጀምሮ ወሬ አታበዛም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሪባን ቆርጦ ረጅም ንግግር አደረገ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫው ነበር። ትርንጎ ንግግሩ ሳያልቅ ጋሪው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«ግፉኝ፣» አሉ። «የቆቦ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ።»

«ቲኬት አለዎት ቲቸር?» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«አንተን ሦስት ጊዜ ያሳለፍኩህ እኔ ነኝ፤ ዝም በል!»

ጋሪው ሐዲዱ ላይ ገባ፤ መብራቱ ቀላ። እልልታው ቀለጠ። ከሐዲዱ ሲወርድ አረንጓዴ ሆነ። ኤልሳቤጥ ፈገግ አለችና ሣጥኑን እንዲከፍትላት ሙህዲንን ጠየቀችው። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። በጣቷ ቋጠሮዎቹን ነካካች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እናት ቦይ ናት እንግዲህ» አለ። «ሦስት ቋጠሮ።»

«አቶ ሙህዲን፣ እንዲህ ያለ እጅ ዋናው ዴፖ ውስጥ የለኝም» አለችው። ሙህዲን ወደ እኔ አየ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ድዱ ሁሉ ታየ።

ከዚያ ኤልሳቤጥ ወደ ሐዲዱ ሄደች። ተንበረከከች። «የላይ ልጅ» የተባለችውን ሽቦ ከሐዲዱ ላይ በጣቷ ፈታ ነቀለቻት። ይህ የማንኛውም ፈታሽ ልማድ ነው፤ እጅ ለእጅ እንደ መጨባበጥ ያለ። ቀና ብላ መብራቱን አየች።

አረንጓዴ ነው።

ትርንጎ እንደተቀመጡ ጋሪውን ራሷ ገፍታ ሐዲዱ ላይ አስገባችው። መብራቱ አልተነቃነቀም፤ እንዳለ አረንጓዴ። ሰው ላይ ሰው ለመንዳት ፈቃድ የሚሰጥ አረንጓዴ። እልልታ የጀመሩ ሴቶች ነገሩ ሳይገባቸው ትንሽ ቀጠሉ፤ ከዚያ አቆሙ።

«ምንድን ነው የተደረገው?» አለች።

«ባቡሩ ሲመጣ ጎማው ከረንቱን እንዲያገናኝ ነው ያደረግሁት» አለ ሙህዲን። ድምፁ ገና ደህና ነበር። «ሲያገናኝ ሪሌዋ ትሳባለች፤ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ባቡር ከሌለ ከረንት አይዞርም፤ ባትሪው አይባክንም።»

«ሽቦው ቢበጠስስ?»

«ሽቦው ከተበጠሰ…» ቆመ። የምትለው አሁን ገባው። ሲገባው አየሁት። «ከተበጠሰ ይለፍ ነው ያልኩት። ሰው ከሌለ ይለፍ።»

«ሕጋችን ነው» አሉ ሸህ አብዱሰመድ ከኋላ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ቆሞ የሚጠብቅ ውሃ አገር ያጠፋል።»

ኤልሳቤጥ አልሳቀችም። ዞር ብላ በአክብሮት መለሰችላቸው። «ለውሃ ልክ ነዎት አባቴ። ይኼ ግን ሽቦው ዝናብ ሲበላው፣ አንድ ሰው ለመስቀያ ሲቆርጠው፣ የፊተኛው ባቡር ቆሞ ሳለ የኋለኛውን ና ግባ ይለዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሰው ሁሉ ግን ጸጥ ስላለ ተሰማ።

«ዘካሪያስ፣ አንተ አልፈተሽከውም? ፈታሽ አይቶ ያሳለፈው ከሆነ ጥፋቱ የፈታሹ ነው፤ ሰውዬውን እመዘግበዋለሁ። እኛም ጋ የምንሠራው እንደዚያ ነው።»

«አልፈተሽኩትም» አልኩ። «ወልድያ ነበርኩ።»

ወልድያ መሄዴ እውነት ነው። ሽቦ ነቅዬ አለማየቴም እውነት ነው። መልሱ ግን ጥያቄዋ ሳያልቅ ነው ከአፌ የወጣው። እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣ ውሸት እዚያው የተወለደ አይደለም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ዜሮው ገብቶኝ ነበር።

ሙህዲን አጠገቤ ነበር። ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል። እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ አየሁ። እንደሚያወጣው ጠበቅሁ። ምናልባት ተመኝቼ ይሆናል፤ ካወጣው እኔ መምረጥ አያስፈልገኝም። ሙህዲን ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ልክ ነው» አለ። «ወልድያ ነበር።»

ኤልሳቤጥ ደብተሯ ላይ ጻፈች። «ሥራው ንጹሕ ነው» አለችው። «ግን ይህን ስህተት ብቻውን የሚሠራ ሰው መስመር ላይ ላቆም አልችልም። ይቅርታ።»

«አብሽሪ እህቴ» አላት። «እንኳን እዚህ ታየ።»

ምሳ በልታ ሄደች። ስትሰናበተኝ «ለዚያ ለውጭው ሥራህ ጽፈውልኛል፤ ዛሬ ማታ መልስ እሰጣቸዋለሁ» አለችኝ። አመሰገንኳት።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትርንጎ ደወሉልኝ። «ካምፕ ና» ብለው ብቻ ዘጉት። ስደርስ ሙህዲን ሣጥኑን ዘግቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ሸህ አብዱሰመድ ጀሪካናቸው ላይ ናቸው። ምንም ሳይነግሩኝ ትርንጎ ጎንበስ ብለው ሽቦዋን ነቀሉ። መብራቱ ቀይ ሆነ። መለሷት፤ አረንጓዴ። ባትሪውን ሲያላቅቁ ሙህዲን ለመብራቶቹ ለብቻ ያሰረው የሞተር ሳይክል ባትሪ ቀዩን ይዞ ቆየ። ያን እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር።

«ከመቼ ወዲህ?» አልኩት።

«ከዙሁር ሶላት በኋላ ጀምሬ ነው። ሁለት ሽቦ ማዛወር ነበር።»

«ሁለት ሽቦ» አሉ ትርንጎ፣ እኔን እያዩ። እኔ ግን መሬት መሬቱን አየሁ። ክፍል ውስጥ ዳስተራቸውን ይዘው ሲያዩኝ እንደነበረው ነው የሚያዩኝ። ከዚያ ሸህ አብዱሰመድን ተከትለው ወደ አዳራሹ ገቡ።

«ለምን አላወጣኸውም?» አልኩት ሙህዲንን፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን።»

«ሰው ፊት?» ፒንሳውን ሣጥን ውስጥ ከተተ። «እንግዳ፣ ሰው ፊት አይዋረድም።»

«እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ሳይቆጣ። «የእናትህን ቤት መብራት የዘረጋሁት እኔ አይደለሁ? መሰላሉን ያዝልኝማ፤ ያኛውን መብራት ላጥብቀው።»

መሰላሉን ያዝኩለት። ወጣ፤ አጠበቀ፤ ወረደ። ስለ ነገሩ ከዚያ በኋላ አንስቶብኝ አያውቅም። ሰላምታው እንደ በፊቱ ነው፤ ሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ተነስቶ ይቀበለኛል። «ኢንጂነር» ማለቱን ብቻ ተወ። አሁን «ዘካሪያስ» ይለኛል፤ አንዳንዴም «አንቱ» ይለኛል። አንቱታው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር መለየት አልቻልኩም።

ምዝገባው ሊዘጋ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ቀርቶ ነበር። እሑድ ማታ ለኤልሳቤጥ ልጽፍ ስልኬን አወጣሁ፤ አልጻፍኩም። ሰኞ የውጭው ቢሮ የምስክርህ ቃል ደርሶናል፣ ጥሩ ነው ብሎ ጻፈልኝ። ማክሰኞ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ውሳኔ እስኪሰጥ ታገሥ አሉኝ። በየቀኑ ለማዘግየት የሚበቃ ምክንያት አገኘሁ፤ ሁሉም ምክንያታዊ ነበር። አንድ ጊዜ ሮቢት ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ምንም ሳልሠራ ተመለስኩ።

መጋቢት ሠላሳ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ሙህዲን የአንድ ገበሬ ፓምፕ ፈትቶ መሬት ላይ በትኖታል። ገበሬው ላይ ይጮኻል።

«ይህን ማነው የነካካው?»

«የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አውቃለሁ ብሎ።»

«አውቃለሁ ያለህን ሁሉ ታስነካለህ? ወይ አላህ! በል ጨብጠው፤ እንዳይወድቅ።»

እኔን ሲያይ ቅባት በነካው እጁ ሰላም አለኝ። የምዝገባው ቀን መሆኑን የሚያስታውስ አይመስልም። ቀኑን ረስቶታል ብዬ አላምንም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ከቤታችን ጓሮ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩ፦

«ኤልሳቤጥ፣ የሙህዲንን ሥራ ከመምጣትሽ በፊት ሐሙስ ዕለት ፈትሼ ፈርሜበት ነበር። ስህተቱን አይቼ አልፌዋለሁ። ወረቀቱ በእጁ ነበር፤ እኔን ላለማዋረድ ብሎ ደበቀው። አንቺ በሄድሽ ማግሥት ያለማንም እርዳታ በሁለት ሰዓት አስተካክሎታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሙን ዛሬ አስገቢው። ስለ እኔ የሰጠሽውንም ቃል ማንሳት ከፈለግሽ አንሺው።»

ኔትወርኩ ቆሞ ነበር። ቅጠሉ በሳሳው ዘይቱን ዛፍ ሥር፣ ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ከዚያ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ መልእክቱ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንዳነበበችው ስልኩ አሳየኝ።

እስኪመሽ ጠበቅሁ። በማግሥቱም፣ ከፋሲካ በኋላም ጠበቅሁ። ግንቦት ገብቶ ወጣ፤ ሙህዲን አርባ ሞላው፤ የጠራው የለም። አልመለሰችም።